ልጆቻችንን ከጓዳ ለምን እናስወጣቸዋለን?



ከበደሌ ተነስቶ ያዮንና ሁሩሙን አልፎ ወደ መቱ የሚጓዝ እንግዳ በመኪናው መስኮት የሚያየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተኮልኩሎ፣ ከቡናው ዳር ጎደሬው የዝሆን ጆሮ የሚያህል ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ከጓሮ ሙዝና እንሰት ቆሞ፣ ዱባው በአጥር ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የያዮ የቡና ደንም ያለው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እንግዳው ይህን አይቶ «እዚህ አገር መቼም ልጅ አይራብም» ቢል አይፈረድበትም። እኛም እዚሁ ተወልደን አድገን ለብዙ ጊዜ የምናስበው እንደዚያው ነበር።

እውነትም ልጆቻችን አይራቡም፤ ይጠግባሉ። ግን በምን ይጠግባሉ? ጠዋት ቂጣ በሻይ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ደግሞ ከቀን የተረፈው። በጓሮ የበቀለው ዱባ ለከብት ይሰጣል ወይም ገበያ ይወጣል። ጎመኑ «የሰኞና የማክሰኞ ወጥ» ተብሎ ይናቃል። እንቁላሉ ይሸጥና በገንዘቡ የታሸገ ብስኩት ይገዛል። በመላ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። መንግሥትም ይህንን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2015 «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን አውጥቷል። መቀንጨር ከረኃብ ብቻ አይመጣም። ንጹሕ ውኃ ማጣት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ መብላትም ያመጡታል።

የውኃውንና የጤናውን ጉዳይ ኢንሻአላህ በሌላ ጊዜ እናነሳዋለን። ዛሬ የምናወጋው ከቤታችን ሳንወጣ ልንለውጠው ስለምንችለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆቻችን በጓዳ ውስጥ ስላላቸው ቦታ።

«ጭስ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

መቱ ውስጥ አንዲት ጎረቤት አለችን። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አሏት። ሴቷ ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ውኃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች። ታላቁ ልጅ ግን ወደ ምድጃው ጠጋ ባለ ቁጥር «ውጣ ከዚህ! ወንድ ልጅ ጭስ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሂድ አጥና!» ይባል ነበር። እናቱ ይህን የምትለው በፍቅር ነው። እኛም እያየን «ልክ ነሽ» እንል ነበር፤ በየቤታችን የምንለው ያንኑ አይደል?

ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ጅማ ኮሌጅ ገባ፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋርም አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ምስር መቀቀል አያውቅም። ገንዘብ ሲኖራቸው ምግብ ቤት፣ ሲያልቅባቸው ዳቦ በሻይ፣ ሲብስ ደግሞ ጥሬ ቆሎ ነበር ኑሯቸው። ለዒድ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ፣ ልብሱ ሰፍቶት፣ ጨጓራውን ይዞ መጣ። እናቱ በሩ ላይ አይታው አለቀሰች። ያን ዕለት ማታ ለእኛ የነገረችንን አንረሳውም፤ «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አጉርሼው ራሱን ማጉረስ ሳላስተምረው ቀረሁ» አለችን።

የሚያሳዝነው ሴቷም ልጅ ብትሆን ምግብ ማብሰልን የተማረችው እንደ ቅጣት መሆኑ ነው። ታዝዛ ትሠራለች እንጂ ለምን ጎመኑ ከመከተፉ በፊት እንደሚታጠብ፣ ለምን ዱባ ለዓይን እንደሚጠቅም የነገራት የለም። አንደኛውን ከጓዳ አባረርነው፣ ሌላዋን ጓዳ ውስጥ ዘጋንባት፤ ሁለቱም ስለ ምግብ ምንም ሳያውቁ አደጉ።

ታዲያ ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከሃይማኖታችን እንዳይባል፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መመለሳቸው በቡኻሪ ዘገባ የታወቀ ነው።

አነስና ዱባው

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ማገልገል የጀመሩት የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ ነው። ዐሥር ዓመት አገልግለዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን «ኡፍ» እንኳ እንዳልተባሉ፣ ለሠሩት «ለምን ሠራህ?»፣ ላልሠሩት «ለምን አልሠራህም?» ተብለው እንዳልተወቀሱ ራሳቸው አውርተዋል። እስቲ እያንዳንዳችን ትናንት በጓዳችን ስንት ጊዜ «ኡፍ» እንዳልን እንቁጠር። ልጁ ዱቄት ሲያፈስ፣ ሽሮው ሲጓጉልበት፣ እንቁላል ሲሰበርበት የምንለውን ማለታችን ነው።

እኚሁ አነስ ሌላም ነገር አውርተዋል። አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለምግብ ጠርቷቸው አነስም አብረው ሄዱ። የቀረበው የገብስ ዳቦና ዱባና የደረቀ ሥጋ ያለበት መረቅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሳሕኑ ዙሪያ ዱባውን እየፈለጉ ሲበሉ አነስ ተመለከቱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ዱባ ወዳጅ ሆነው ቀሩ። ልብ በሉ፤ «ዱባ ብላ፣ ይጠቅምሃል» ያላቸው የለም። የሚወዱት ሰው ሲበላ ስላዩ ነው የወደዱት። (ዐረብኛውም «ዱባእ» ነው የሚለው፤ ስሙ ራሱ ዘመዳችን ነው።)

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን አባት ዱባ ሲቀርብለት ፊቱን አጨፍግጎ «ሥጋ የለም?» ይላል። ከዚያ በኋላ እናት ልጇን ዱባ ብትለምነው ማን ይሰማታል?

ጎደሬ የድሃ ምግብ ነውን?

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር መጡ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከሐረርጌ የመጡ ቤተሰቦች ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ውስጥ ባለችው ጨዋቃ ሠፈሩ። ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዛሬም በመቱና በአካባቢው ገበያ ያማርኛው የወሎ ቃና የሚሰማው ለዚህ ነው። ጤፍና ማሽላ ለለመደ ሰው ጎደሬ እንግዳ ነበር። አዛውንቱ ሲያወጉ እንደምንሰማው ሥሩን ቢልጡት እጅን ያሳክካል፣ በደንብ ሳይበስል ቢቀምሱት ጉሮሮን ይፈጃል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ጠሉት። አጠባበሱንና አቀቃቀሉን ያሳዩአቸው ጎረቤት የሆኑት የኦሮሞ እናቶች ናቸው። በክረምት፣ በቆሎው ከማሳ ሳይደርስ ጎተራው ሲራቆት፣ ቤተሰብ ይዞ የሚያሻግረው ይኸው ሥር ሆነ።

ዛሬ ግን የነዚያው ሰዎች የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ጎደሬ ይዘው መሄድ ያፍራሉ። የኅብስት ዳቦ ያመጣ ይኮራል፣ ጎደሬ ያመጣ ከዛፍ ጀርባ ሄዶ ይበላል። ይህን ሐፍረት ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ እንግዳ ሲመጣ ድስቱን የምንደብቅ እኛ ነን። በወለጋና በኢሉባቦር የሚበቅለው አንጮቴስ? በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ ወላጆቻችን አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይሰጡት የነበረው በከንቱ አልነበረም። ከተማ ያደገ ልጅ ግን ስሙን እንኳ አያውቀውም።

ልጅ በእጁ የሠራውን ምግብ አያፍርበትም፤ ይህን በዓይናችን አይተናል። የጎረቤታችን ታናሽ ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከወንድሙ ነገር በኋላ እናቱ ጓዳዋን ከፈተችለት። በመጀመሪያ ሳምንት የሠራው የተቀቀለ ጎደሬ ነበር። በእጁ ላይ ፌስታል አጥልቆ ላጠ፣ ቆራርጦ ቢላው እስኪሰምጥበት ቀቀለ፣ በትንሽ ዘይትና በሚጥሚጣ ለወሰው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? በሳሕን አድርጎ ለየጎረቤቱ አዞረ! ለእኛም ደረሰን። ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር፤ አልነገርነውም።

ትንሹ ምን ይሥራ? ትልቁስ?

ብዙ እናቶች «ልጅ ሲያግዘኝ ሥራ ይበዛብኛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበዛል። ስለዚህ ሥራው በልጁ ልክ መሆን አለበት። አራት ዓመት የሞላው ልጅ የጎመን ቅጠል ከአገዳው መቀንጠስ፣ አተርና ባቄላ መፈልፈል፣ የተቀቀለ ድንች በማንኪያ መፍጨት ይችላል። ሰባትና ስምንት ዓመት የሆነው ያጥባል፣ ይለቅማል፣ ያቦካል። ትንሽ ቢላ ይዞ በመክተፊያ ላይ ሽንኩርት መክተፍ ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ሲሞላ፣ ትልቅ ሰው ከአጠገቡ ተቀምጦ ነው። እሳቱ የመጨረሻው ነው። ከሁሉም በፊት ግን እጅ በሳሙና መታጠብ አለ፤ ቢስሚላህ ማለትም ያኔውኑ ይለመዳል።

ለቀማን ተራ ሥራ አድርገን አንመልከት። አገራችን ዝናባም ስለሆነች በቆሎ በጎተራ በቀላሉ ይሻግታል። የሻገተ እህል አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በማብሰልም አይጠፋም። «ትንሽ ሻጋታ ምን ያደርጋል፣ ይፈጫል» የምንለው ነገር አደገኛ ነው። የልጆች ዓይን ደግሞ ከእኛ የተሻለ ያያል። በሰፌድ ላይ የጠቆረውን፣ የአረንጓዴ ዱቄት የመሰለውን፣ የተሸበሸበውን ፍሬ እየለቀመ የሚጥል የሰባት ዓመት ልጅ ቤተሰቡን ከበሽታ እየጠበቀ ነው። ይህንኑም ልንነግረው ይገባል።

የጨው ኃላፊነትም ለልጅ ቢሰጥ መልካም ነው። ብዙ ዝናብ የሚያጥበው መሬት አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት በምዕራብ ኢትዮጵያ የታወቀ በሽታ ነበር። የአዮዲን እጥረት አንገትን ብቻ ሳይሆን የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ወጥቷል። ነገር ግን አዮዲን ያለውን ጨው ገዝተን ክዳን በሌለው ቅል ምድጃው አጠገብ ብናስቀምጠው፣ ወይም ከመጀመሪያው ጀምሮ ከወጡ ጋር ብናንተከትከው ጥቅሙ ይቀንሳል። በደረቅ፣ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ብዛቱም ይመጠን።

በቡና አገር ተወልደን ስለ ቡና ክፉ መናገር ይከብደናል። ሆኖም ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በምግቡ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በሰውነት በደንብ እንዳይወሰድ ያደርጋሉ። ምስርና ጎመን አብልተን ወዲያው ሻይ የምናስከትልለት ልጅ ከምስሩ የሚያገኘው ያንስበታል። በምትኩ ብርቱካን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ብንሰጠው ያግዘዋል። ማርም የአካባቢያችን ጸጋ ነው፤ ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ታላላቅ ልጆች ለታናሻቸው በፍቅር እንዳያልሱት አስቀድመን እንንገራቸው።

የጀበናው ነገር

ይህን ክፍል ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። ከዓመታት በፊት በእኛው ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ የሁለት ዓመት ልጃችን ረከቦቱን ይዛ ልትነሳ ስትል ጀበናው ክንዷ ላይ ተገለበጠ። ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን አመጣ፤ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዱ የተፈጨ ቡና። ሁሉንም ቀባን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ባለሙያዋ ያንን ሁሉ ከቁስሉ ላይ ስትጠርግ ልጃችን ከመጀመሪያው የባሰ ጮኸች። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ያኔ የተማርነው ይህን ነው። የተቃጠለ አካል ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዛል፤ በረዶ አይደረግበትም። ቅቤም፣ ማርም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ልብስና ጌጥ ካለ እብጠት ሳይጀምር ይወልቃል፣ የተጣበቀው ግን አይነቀልም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

እንግዲህ «ልጆችን ወደ ጓዳ እናስገባ» ስንል እሳቱን ረስተን አይደለም። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ጀበናና ከሰል ያለበት ቦታ ዳዴ የሚል ልጅ አይቅረብ። የፈላ ዘይት የልጅ ሥራ አይደለም፤ በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ሳምቡሳ ሲሠራ ልጆች ሊጡን ይዳምጡ፣ ምስሩን ይሙሉ፣ ሦስት ማዕዘን አድርገው ያጥፉ፣ መጥበሱን ግን ለአዋቂ ይተዉ። ጭሱም ቢሆን ለትልቅም ለትንሽም ጎጂ ነው፤ በርና መስኮት ይከፈት፣ እንጨቱ የደረቀ ይሁን፣ ሕፃን በጀርባ አዝሎ ምድጃ ላይ መጎንበስ ይቅር።

አንድ ወጥ ከልጆች ጋር

የሚጀመረው በቀላል ነገር ነውና የዱባና የምስር አልጫ እንንገራችሁ። ለስድስት ሰው 2 የሻይ ብርጭቆ የምስር ክክ፣ 1 ኪሎ ያህል የተላጠ ዱባ፣ 3 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ካለ ደግሞ ቃሪያ ይዘጋጃል። የዱባው ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ የሚሰነጥቀውና የሚልጠው አዋቂ ነው። ፍሬውን በማንኪያ ጠርጎ ማውጣት የትንሹ ልጅ ደስታ ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይበላልና አይጣል። ሌላው ልጅ ምስሩን ይለቅማል፣ ውኃው እስኪጠራም ያጥባል። ሽንኩርቱ በዘይቱ በለስላሳ እሳት ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርቱና እርዱ ይከተሉ። ከዚያ ምስሩና 6 ብርጭቆ ያህል ውኃ ይግባ። ከ10 ደቂቃ በኋላ በትንንሹ የተቆረጠው ዱባ ይጨመርና ሁለቱም እስኪለሰልሱ ሌላ 15 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በዱባው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር በሰውነት የሚወሰደው ቅባት ሲኖረው ነው። ጨውና ቃሪያ መጨረሻ ላይ።

ውኃው ቢበዛ አትጨነቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) ወጥ ሲሠሩ መረቁን አብዝተው ጎረቤትን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል።

የጎረቤታችን ታላቅ ልጅ ከዒድ በኋላ ወደ ጅማ ሲመለስ እናቱ አንድ ትንሽ ድስት፣ ሁለት ኪሎ የምስር ክክና አንድ ትልቅ ዱባ አሸክማ ሸኘችው። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እኛ ከእነሱ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ የፈለገው እሷን ሳይሆን ታናሽ ወንድሙን ሆነ። ትንሹ ስልኩን በጆሮው ይዞ ደረቱን ነፋ አድርጎ እንደ አንድ ትልቅ ሰው ያስረዳው ጀመር። «ዱባውን አሁን ነው የምትጨምረው... ኧረ እሳቱን ቀንሰው!... አይ፣ ጨውን ገና ነው፤ ቆይ እንጂ!»